የደም ሚዛን፦ ሰውነታችን አሲድን እንዴት ይቆጣጠራል? ሚዛኑንስ የሚያናጋው ምንድን ነው?

(ለካህናትና ለሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ የጤና ትምህርት ላይ የቀረበ ንግግር)





እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ በመጀመሪያ ሲሰማ ከቤተ ሙከራ ውጭ ቦታ ያለው አይመስልም። ስለ ደም አሲድነት ነው። ነገር ግን በጠበል ሥፍራና በክብረ በዓል ላይ ከምታዩአቸው ጽኑ ሕሙማን መካከል ጥቂት የማይባሉት ለሞት የሚቀርቡት በዚሁ በኩል ነው። ሕፃን በተቅማጥ ሲዝል፣ ኢንሱሊኑን ያቋረጠ ወጣት ሲያለከልክ፣ ሳንባ ምች የያዛቸው አረጋዊ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲላቸው፣ ከውጭ የምናየው ሕመም ልዩ ልዩ ነው፤ ከውስጥ የሚናጋው ሚዛን ግን አንድ ነው። ይህን ሚዛን የሚያውቅ ሰው ማንን ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ እንዳለበት ይለያል። የመጣነውም ለዚሁ ነው።

አሲድ የምንለው በሎሚና በሆምጣጤ ጣዕሙን የምናውቀውን ነገር ነው። ተቃራኒው አልካላይ ይባላል፤ እናቶቻችን ልብስ ለማጠብ ይጠቀሙበት የነበረው የአመድ ውኃ ከዚህ ወገን ነው። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋዋል። የአሲድን መጠን የምንለካበትን ፒኤች የተባለውን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1909 ያወጣው ሶረንሰን የተባለ የዴንማርክ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። በዚህ መለኪያ 7 መካከለኛ ነው፤ ከ7 በታች ያለው ወደ አሲድ፣ ከ7 በላይ ያለው ወደ አልካላይ ያደላል። የጤነኛ ሰው ደም ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ስፍራ ይኖራል። ስለዚህ ደማችን በመጠኑ ወደ አልካላይ ያደላ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ መለኪያው አታላይ መሆኑን ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። ከ7.4 ወደ 7.1 መውረድ ለዓይን ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን መለኪያው የተሠራው አንድ ቍጥር በወረደ ጊዜ አሲዱ ዐሥር እጥፍ እንዲሆን ስለ ሆነ፣ ያቺ የሦስት ዐሥረኛ ልዩነት በደም ውስጥ ያለው አሲድ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ከ6.8 በታች ወይም ከ7.8 በላይ ሲሆን የሰው ሕይወት ብዙውን ጊዜ አይቆይም። ምክንያቱም በሰውነታችን ውስጥ ሥራ ሁሉ የሚሠራው በፕሮቲኖች ነው፤ ፕሮቲኖችም ቅርጻቸውን የሚጠብቁት አሲዱ በልኩ ሲሆን ነው። አሲድ ሲበዛ የልብ ጡንቻ ይደክማል፣ የደም ሥሮች ይላላሉ፣ የፖታሲየም መጠን ተዛብቶ የልብ ምት ይናወጣል፣ አእምሮም ይፈዝዛል።

ታዲያ አሲዱ ከየት ይመጣል? ከመኖር ራሱ ይመጣል። የበላነው እህል በሰውነታችን ውስጥ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል፤ ይህ ጋዝ ከውኃ ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል። ከዚህ ሌላ ከፕሮቲን መፍረስ የሚገኝ፣ በትንፋሽ ሊወጣ የማይችል አሲድ አለ። የመጀመሪያው ከሁለተኛው ከመቶ እጥፍ በላይ ይበዛል። ትንፋሽ ሲቋረጥ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ የሚሞተው፣ ኩላሊት ሥራውን ሲያቆም ግን ቀናት የሚፈጀው አንዱ ምክንያት ይህ ልዩነት ነው።

ሰውነት ይህን አሲድ የሚከላከለው በሦስት በኩል ነው። ፊተኛው በደም ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ቢካርቦኔት ይባላል። አሲድ በገባ ቅጽበት ቢካርቦኔት ይይዘውና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። ለደም ቀይ መልኩን የሚሰጠው ሄሞግሎቢንም በዚህ ይረዳል። ነገር ግን ይህ ስንቅ ነው፤ ስንቅም ካልተተካ ያልቃል።

ሁለተኛው ሳንባ ነው። በአንጎል ሥርና በአንገት የደም ሥሮች ላይ የደምን አሲድነት የሚያዳምጡ ሕዋሳት አሉ። አሲዱ ከፍ ሲል ሰውየው ሳያስበው ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ይጠልቃልም፤ በዚህም ጋዙ በብዛት ይወጣል። ይህ በደቂቃዎች ውስጥ ይሆናል። ሦስተኛው ኩላሊት ነው። ኩላሊቶቻችን በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ ያጣራሉ፤ ከዚህ ውስጥ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ወይም ሁለት ሊትር ብቻ ነው። በማጣራቱ ጊዜ ያለፈውን ቢካርቦኔት አንድም ሳያስቀሩ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ይመልሱታል፤ ትርፉን አሲድ በሽንት ይጥሉታል፤ የተበላውንም ስንቅ በአዲስ ቢካርቦኔት ይተካሉ። የኩላሊት ሥራ ዝግተኛ ነው፤ በሰዓታት ይጀምራል፣ በሙሉ ኃይሉ ለመሥራት ግን ቀናት ይፈልጋል። ደም አሲድ ሲያጥለቀልቀው በመጀመሪያ የምናየው ምልክት በሽንት ሳይሆን በትንፋሽ ላይ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

የትንፋሽን ነገር የሚያስረዳ አንድ እውነተኛ ታሪክ እናቅርብ። እ.ኤ.አ. በ1952 በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን ከባድ የፖሊዮ ወረርሽኝ ገባ። ብሌግዳም በተባለው ሆስፒታል መተንፈስና መዋጥ የተሳናቸው ሕሙማን በየቀኑ ይመጡ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ 31 ጽኑ ሕሙማን 27ቱ ሞቱ። የቤተ ሙከራው ውጤት በደማቸው ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድና የቢካርቦኔት ድምር ከፍ ማለቱን ያሳይ ስለ ነበር፣ ሐኪሞቹ ደሙ ባልታወቀ ምክንያት ወደ አልካላይ አድልቷል ብለው አሰቡ። ብዮርን ኢብሰን የተባለው የማደንዘዣ ሐኪም ግን ነገሩ ተቃራኒው መሆኑን አስተዋለ፤ ሕሙማኑ መተንፈስ ስላቃታቸው ጋዙ ታፍኖ ቀርቷል፤ የሚገድላቸውም አሲድ ነው አለ። ነሐሴ ላይ በአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ጉሮሮ በተከፈተ ቀዳዳ ቱቦ አስገብቶ፣ በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አየር ሰጣት፤ ልጅቷም ዳነች። ከዚያ በኋላ 1,500 ያህል የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ እየተቀመጡ ሌሊትና ቀን ከረጢቱን በእጃቸው ይጨምቁ ጀመር፤ የሟቾቹም መጠን እጅግ ቀነሰ። የዛሬው የጽኑ ሕሙማን ክፍል የተወለደው ከዚያ ነው ይባላል። እኛን ግን ከሁሉ ይልቅ የሚገርመን ያ ሁሉ ሰው ይሞት የነበረው በቍጥሩ እጦት ሳይሆን በቍጥሩ አተረጓጎም መሆኑ ነው።

በመካከል አንድ ነገር እንበል። በከተሞቻችን «የአልካላይን ውኃ» እየተባለ በውድ ዋጋ የሚሸጥ ውኃ አለ፤ የደምን አሲድ ያጠፋል፣ ካንሰርንም ይከላከላል ይባልለታል። የጠጣነው ውኃ በመጀመሪያ የሚያገኘው የጨጓራን አሲድ ነው፤ ያም አሲድ ከሎሚ ጭማቂ ይበረታል። ትርፍ አልካላይ ቢገባም ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል። ጤነኛ ሳንባና ጤነኛ ኩላሊት ያለው ሰው የደሙን ሚዛን በመጠጥ ሊለውጠው አይችልም። ገንዘቡ ለንጹሕ የቧንቧ ውኃ ቢውል ይሻላል እንላለን። ሶዳ በጥብጦ መጠጣትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ጉዳት አለው።

አሁን ሚዛኑን ወደሚያናጉት እንለፍ። ለአጥቢያዎቻችን ሁለቱ ከሁሉ ይበልጣሉ፤ አንዱ ተቅማጥ ነው፣ ሌላው የስኳር በሽታ።

ከአንጀት የሚወጣው ፈሳሽ በቢካርቦኔት የበለጸገ ነው። ስለዚህ ብርቱ ተቅማጥ ያለበት ሰው የሚያጣው ውኃና ጨው ብቻ አይደለም፤ ያን የተናገርንለትን ስንቅም ያጣል። ኮሌራ የጸናበት አዋቂ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ እስከ አንድ ሊትር ሊወጣው ይችላል። ይህ የታወቀው ከረጅም ጊዜ በፊት ነው። ኦሾግኔሲ የተባለ የአየርላንድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1831 እና በ1832 ኮሌራ እንግሊዝ አገር በገባ ጊዜ የሕሙማኑን ደም መርምሮ ውኃው፣ ጨዉና አልካላዩ እንደ ጎደለ አሳወቀ። ይህን ያነበበ ቶማስ ላታ የተባለ የስኮትላንድ ሐኪም በዚያው በ1832 ጨውና አልካላይ ያለበትን ውኃ በደም ሥር ሰጥቶ ለሞት የተቃረቡ ሰዎችን አስነሣ። እርሱ በማግሥቱ ዓመት ሲሞት ግን መንገዱ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ተዘነጋ።

እኛ ዛሬ ያን ፈውስ በትንሽ ከረጢት ይዘነዋል። ኦአርኤስ የምንለው ዱቄት በውስጡ ጨው፣ ስኳር፣ ፖታሲየምና ሲትሬት አለው። ስኳሩ ለጣዕም የገባ አይደለም፤ ጨውና ውኃ በአንጀት በኩል ወደ ደም እንዲገቡ በር ይከፍትላቸዋል። ሲትሬቱን ደግሞ ሰውነት ወደ ቢካርቦኔት ይለውጠዋል፤ የጠፋው ስንቅ የሚተካውም በዚህ ነው። አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ከረጢቱ በሌለበት ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጦ መስጠት ይቻላል። ይህ የቤት ውሕድ ፖታሲየምና ሲትሬት ስለሌለው ወደ ጤና ጣቢያ እስኪደረስ የሚያገለግል መሸጋገሪያ ነው። ሕፃኑ ቢያስመልሰው ዐሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ በማንኪያ ቀስ እያሉ እንደገና መስጠት ነው፤ ጡትም አይቋረጥም። የማይጠጣ፣ ዓይኑ የጎደጎደ፣ ቆዳው ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቶሎ የማይመለስ ሕመምተኛ ግን በደም ሥር ፈሳሽ ያስፈልገዋልና አንድ ሰዓት እንኳ ሊዘገይ አይገባም። ጽኑ ኮሌራ ካልታከመ ከያዛቸው ሰዎች እስከ እኩሌታው ሊገድል ይችላል፤ በወቅቱ ሲታከም ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞትም።

ወደ ስኳር በሽታ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ጥቂት እንድንቆይ ፍቀዱልን፤ ነገሩ ከጾምና ከጠበል ጋር ይገናኛልና።

ጤነኛ ሰው ሲጾም ሰውነቱ የተጠራቀመውን ስኳር ከጨረሰ በኋላ ስብን ማቃጠል ይጀምራል። ከስብ መቃጠል ኬቶን የሚባሉ አሲዶች ይገኛሉ። ይህ የተፈጥሮ ሥርዓት ነው፤ ጉዳት የለውም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ምእመን ደሙ በአሲድ አይጥለቀለቅም። ምክንያቱም ከቆሽት የምትወጣው ጥቂት ኢንሱሊን የስቡን መቃጠል እንደ ልጓም ትይዘዋለች። ኢንሱሊን ፈጽሞ የሌለው ሰው ግን ልጓሙ የለውም። በደሙ ውስጥ ስኳር ሞልቶ ሳለ ሰውነቱ እንደ ተራበ ሆኖ ስቡን ያለ ልክ ያቃጥላል፤ ኬቶኑ ይጎርፋል፤ ቢካርቦኔቱ ያልቃል፤ ሳንባው ብቻውን ይታገላል። ኩስማውል የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1874 የጻፈለት ያ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ ይህ ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ የተነፈሰ የስኳር ሕመምተኛ ይሞት ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 በካናዳ ቶሮንቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሱሊን ለሰው ተሰጠ፤ ከዚያ ወዲህ ሞቱ የማይቀር መሆኑ ቀረ።

ሕመሙ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይመጣል። ብርቱ ጥማት፣ ሽንት መመላለስ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ከዚያም ሯጭ እንደ ሮጠ የሆነ ትንፋሽ፣ ከአፍ የሚወጣ የበሰለ ፍሬ የመሰለ ሽታ፣ በመጨረሻም መፍዘዝ። እንዲህ ያለ ሰው በጠበል ሥፍራ ሲታይ «መንፈስ ያስጨነቀው ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። አባቶች፣ ጸሎቱን አድርጉለት፤ መኪናውንም ጥሩለት። ከሁለቱ አንዱ ሌላውን አያስቀረውም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ወደ አገራችን በገባባቸው ዓመታት፣ በ1999 ዓ.ም.፣ ጠበልና መድኃኒት አብረው እንደሚወሰዱ በይፋ ተናግረው ነበር። ለኢንሱሊንም ነገሩ ያው ነው፤ እንዲያውም ጊዜ አይሰጥም። ሌላውን መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ለመመለስ ሳምንታት ወይም ወራት ይኖሩት ይሆናል፤ ኢንሱሊን ብቻ የሚያኖረው ልጅ ካቋረጠ ግን ሁለት ቀን ሊበዛበት ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳተው «እህል ካልበላሁ ኢንሱሊን አያስፈልገኝም» በማለት ነው። ይህ አደገኛ አሳብ ነው። ባይበላም፣ ቢያስመልሰውም ኢንሱሊን ፈጽሞ አይቋረጥም፤ መጠኑ በሐኪም ይስተካከላል እንጂ። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ጾም ሲደነግግ በሕመም የደከመውን ሰው ለይቶ ያየዋል። የንስሐ አባት ለስኳር ሕመምተኛ ልጁ ይህን ቀድሞ ቢነግረው፣ ልጁ በኀፍረት ተደብቆ ከመጾም ይድናል። እኛ መቶ ጊዜ ከምንናገረው የእናንተ አንድ ቃል ይሰማል፤ ይህን ስንል ለማሞገስ አይደለም፤ ቃሉ ወደ ሌላ በኩል ቢነገርም እኩል ይሰማልና ነው። «መድኃኒትህን ጣል» ተብሎ የተነገረው ወጣት በእርግጥ ይጥለዋል።

ከዚህ ጋር አንድ ልዩነት አስታውሱ። የስኳር ሕመምተኛ በደቂቃዎች ውስጥ በድንገት ቢያልበው፣ ቢንቀጠቀጥና ቢቀባዥር ስኳሩ ወርዶበት ሊሆን ይችላልና መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር በውኃ ይሰጠው። ቀስ በቀስ የመጣው፣ ብዙ የሚጠማውና የሚያለከልከው ግን ኢንሱሊንና ፈሳሽ ነው የሚያስፈልገው። መለየት ካልተቻለ ጥቂት ስኳር መስጠት ይሻላል፤ የወረደ ስኳር በቶሎ ይገድላልና። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም አይሰጥ፤ በጎኑ አስተኝቶ መውሰድ ነው።

የቀሩትን በአጭሩ እናንሣ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው አሲዱን መጣል ስለማይችል ይጠራቀምበታል፤ ድካምና ማቅለሽለሽ ይበዛበታል። ደም ግፊትና ስኳር ኩላሊትን ከሚያደክሙት ዋናዎቹ ናቸው። ብርቱ ሳንባ ምችና የቆየ የሳንባ በሽታ ጋዙን ያፍኑታል፤ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ትንፋሹ አጥሮ ሳለ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ተሻለው ብላችሁ አትረፉ፤ የኮፐንሃገኖቹን ሕሙማን አስቡ። ሜታኖል የተቀላቀለበት አረቄ ደግሞ በሰውነት ውስጥ ወደ ብርቱ አሲድ ይለወጣል፤ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። በሰርግና በተዝካር ላይ ብዙ ጠጪዎች በአንድ ጊዜ ዓይናችን ጨለመብን ካሉ ጥርጣሬው እዚህ ላይ ይሁን።

ሚዛኑ ወደ አልካላይም ያዘነብላል። ለቀናት የሚያስመልሰው ሰው የጨጓራውን አሲድ ያጣል። በድንጋጤ ወይም በልቅሶ ብዛት ያለ ልክ የሚተነፍስ ሰው ደግሞ ጋዙን ከልክ በላይ ያስወጣዋል፤ ያን ጊዜ ከንፈሩና ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ እጆቹም ይኮማተራሉ። በአብዛኛው አጠገቡ ተቀምጦ በለሆሳስ እያናገሩ ትንፋሹን ማዘግየት ይበቃዋል። አፍና አፍንጫን በወረቀት ከረጢት መሸፈን የሚለውን የቆየ ምክር ግን አንደግፍም፤ ያ የሚያለከልክ ሰው ባለ ስኳር ወይም ባለ ሳንባ ምች ቢሆን ከረጢቱ ይጎዳዋል።

ሰበካ ጉባኤያት በዚህ ዓመት ሊሠሩት የሚችሉት ከአቅማችሁ በላይ አይደለም። ጠበል ያለበት ደብር ሁሉ ሃያ ወይም ሠላሳ የኦአርኤስ ከረጢት፣ የሊትር መለኪያና በክሎሪን የታከመ የመጠጥ ውኃ ይኑረው፤ ከረጢቱን ከጤና ኬላው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር ተነጋግሮ ማግኘት ይቻላል። መጸዳጃው ከውኃው ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ከምንጩም በታች ይቆፈር፤ እጅ መታጠቢያና ሳሙና አጠገቡ ይኑር። በአንድ ጣሳ ተቀባብሎ መጠጣት ይቅር፤ ምእመኑ የየራሱን ይያዝ። ለጠበል የሚመጣ ሰው ሲመዘገብ «የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ?» ተብሎ በጆሮው ይጠየቅ፤ ኢንሱሊን የሚወስድ ከሆነ ማን እንደሚያስታውሰው ይታወቅ። የአንድ ባለ መኪና ስልክ ቍጥርም በዕቃ ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ።

ማቀዝቀዣ በሌለበት ኢንሱሊኑ የት ይቀመጥ ለሚለው፣ ሁለት የሸክላ ዕቃ ይበቃል። ትንሹን በትልቁ ውስጥ አስገብቶ በመካከላቸው አሸዋ መሙላት፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ በውኃ ማራስ፣ መድኃኒቱን ውኃ በማያስገባ ነገር ጠቅልሎ በውስጠኛው ማኖር፣ አፉንም በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ አየር በሚያገኘው ጥላ ሥር ማስቀመጥ ነው።